ካርማ፣ ጊላል፣ ሱጉም፣ ሃጋይ፦ የአዋሽ ሸለቆ ዓመት



በአገራችን ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው አራቱን ወቅቶች በቃሉ ያውቃቸዋል። መስከረም 26 መፀው ይገባል፣ ታኅሣሥ 26 በጋ፣ መጋቢት 26 ፀደይ፣ ሰኔ 26 ክረምት። ይህ አቆጣጠር ለጎጃምና ለሸዋ ገበሬ፣ ለወሎ ደገኛ ይሠራል፤ እርሻው፣ ዘሩ፣ አጨዳው ከእሱ ጋር ይሄዳል። ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ወርዳችሁ አዋሽ ሰባት ስትደርሱ ግን መላላት ይጀምራል፤ ሰመራ ላይ ጨርሶ አያገለግልም። ዛሬ የምናገረው ስለዚሁ ነው። የአዋሽ ሸለቆ ሰው የራሱ ዓመት አለው፤ እኛ ግን ለብዙ ዘመን ያቀድንለትና ያስተዳደርነው በደጋው ዓመት ነው። ይህ ስሕተት ስንት ከብትና ስንት ሰው እንዳስከፈለ የምናውቀውን ያህል ብንናገር መልካም ነው።

አዋሽ ሰባትና ሰመራ እርስ በርሳቸውም አንድ አይደሉም። አዋሽ ሰባት ኪሎ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለ፣ ባቡር የወለደው ከተማ ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ሐዲድ የአዋሽን ገደል በድልድይ ሲሻገር ጣቢያ ተተከለለት፤ ጣቢያውን ተከትለው ሆቴሉ፣ ሱቁና የከብት ገበያው መጡ። አፋሩ፣ ከረዩው፣ አርጎባው፣ ከደጋ የወረደው ነጋዴ እዚያ ተገናኘ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም በዚያው ያልፋል። ሰመራ ደግሞ ከአዋሽ በመንገድ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው ጎዳና ዳር ያለች ወጣት ከተማ ናት፤ የአፋር ክልልን ርእሰ ከተማነት ከአሳይታ ተረክባለች። ጎረቤቷ ሎጊያ ከእሷ በፊት የነበረች፣ ሾፌር የሚያድርባት ከተማ ናት። የሰመራ ከፍታ 430 ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

አየሩን የሚለየው መጀመሪያ ይኸው ከፍታ ነው። ወደ ላይ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ ስንወርድም በዚያው ልክ ይሞቃል። በአዲስ አበባና በሰመራ መካከል 2,000 ሜትር ያህል ልዩነት አለ። ስለዚህ በአንዱ ቀን፣ በአንዱ ሰዓት፣ እዚህ አዲስ አበባ ሹራብ የደረበ ሰውና እዚያ ሰመራ ጥላ የሚፈልግ ሰው የአንድ መንግሥት ዜጎች ናቸው።

ሁለተኛው ምክንያት ተራሮቹ ናቸው። በክረምት ዝናብ የሚሸከመው እርጥብ አየር በአብዛኛው ከአትላንቲክና ከኮንጎ ተፋሰስ አቅጣጫ ይመጣል። የምዕራቡንና የመካከሉን ደጋ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ውሃውን ያራግፋል። የሸዋንና የወሎን አፋፍ ተሻግሮ ወደ አፋር ሲወርድ የቀረው ውሃ ጥቂት ነው፤ አየሩም ሲወርድ እየሞቀ፣ እየደረቀ ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ስትጠግብ አዋሽ የዚያን ግማሽ ያህል ያገኛል፤ ሰመራና ዱብቲ በብዙ ዓመት 200 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላላቸውም። ያም ቢሆን ለሁሉም በእኩል አይዳረስም፤ ዛሬ አንዱን መንደር አርሶ ጎረቤቱን ዘሎት ይሄዳል። አርብቶ አደሩ የሚንቀሳቀሰው ስለዚህ ነው። ዝናብ ወደ ሰው በእኩል በማይመጣበት አገር ሰው ወደ ዝናቡ ይሄዳል። ይህንን ኋላ ቀርነት ብሎ የጠራ ሁሉ የዝናቡን ጠባይ አላጠናም።

የአፋር ዓመት በካርማ ይጀመር። ካርማ ዋናው ዝናብ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከሰኔ መጨረሻ ወይም ከሐምሌ እስከ መስከረም አጋማሽ። ሰመራ ላይ ከዝናቡ አስቀድሞ አቧራ ያነገተ ኃይለኛ ነፋስ ይመጣል፤ ቀኑን ያጨልመዋል። ዝናቡ በደህና ከጣለ ግን ሜዳው በሳምንታት ውስጥ ይለወጣል። ከአዋሽ በስተሰሜን ምሥራቅ የተዘረጋው የአሌደጊ ሜዳ ሣር ይለብሳል፤ ከብቱ ከወንዙ ዳር ርቆ ወደዚያ ይሰማራል። ወተት የሚበዛው፣ ሰርግ የሚደገሰው፣ ጎሣ ከጎሣ የሚገናኘው ያኔ ነው። ወባም ይከተላል። የታቆረ ውሃ ባለበት ሁሉ ትንኝ አለ፤ በከተማ ደግሞ ሰው ራሱ በበርሜልና በጀሪካን የሚያጠራቅመው ውሃ ሌላ ትንኝ ያረባል። በ2015 ዓ.ም. በሎጊያና በሚሌ የተነሣው የደንጊ ትኩሳት ከዚህ ዓይነቱ ትንኝ የሚመጣ ነው። ያ ወረርሽኝ ደግሞ በሚያዝያ ተነሣ እንጂ ካርማን አልጠበቀም፤ የውሃ እጥረትም እንደ ውሃ ብዛት በሽታ ያመጣል ማለት ነው።

ካርማ ሲያልፍ ጊላል ይገባል፤ ከጥቅምት እስከ የካቲት። ይህ የሰመራ ደግ ጊዜ ነው። ሌሊቱ ከ20 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ አዋሽ ላይማ ብርድ ልብስ ያስፈልጋል። ስብሰባው፣ ምርቃቱ፣ ወደ ኤርታሌና ወደ ዳሎል የሚሄደው ጎብኚ ሁሉ ይህንን ጊዜ ይጠብቃል። በታኅሣሥ አካባቢ ዳዳ የሚሉት አጭር ዝናብ አንዳንዴ ይጥላል፤ መጠኑ ጥቂት ቢሆንም ለፍየልና ለግመል ቅጠሉን ያድሳል። ከብቱ በዚህ ወቅት ወደ አዋሽ ዳር ይመለሳል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ ምድር ስትናወጥ፣ ከአዋሽ ፈንታሌና ከዱለቻ ወረዳዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቤቱን ጥሎ የወጣው በጊላል መካከል ነበር። አፋርን በሙቀት ብቻ የሚያውቅ ሰው ለተፈናቃይ ብርድ ልብስ መላክ ላይታየው ይችላል፤ ግን ሕፃናት በድንኳን ያደሩት በዓመቱ ቀዝቃዛ ሌሊቶች ነው።

ሱጉም በመጋቢትና በሚያዝያ የሚጠበቀው ዝናብ ነው። እርጥበቱ የሚመጣው በአብዛኛው ከሕንድ ውቅያኖስና ከዐረቢያ ባሕር ወገን ሲሆን፣ ደገኛው በልግ ከሚለው ጋር አንድ ምንጭ አለው። በቁጥር ሲታይ ከካርማ ያንሳል፤ በኑሮ ሲታይ ግን ሱጉም ድልድይ ነው። ከጊላል የከሳው ከብት ሃጋይን የሚሻገረው ሱጉም ባበቀለው ሣር ነው። ሱጉም ከቀረ ሃጋይ በባዶ ሆድ ይገባል።

አሁን ሃጋይ ላይ ቆም ልበል። ግንቦትና ሰኔ ማለት ነው። እኛ እዚህ የክረምቱን ዳመና ስንቀበል፣ ሰመራ፣ ዱብቲና አሳይታ ከ40 ዲግሪ በላይ ይግላሉ፤ ነፋሱ እንጀራ ከወጣለት ምጣድ ላይ እንደሚነሣ ወላፈን ፊት ይገርፋል። ሌሊቱም አያሳርፍም፤ ከ25 ዲግሪ ብዙ የማይወርድባቸው ሌሊቶች ይደራረባሉ። ሰው ከቤት ውስጥ አይተኛም። የጠፍር ወይም የገመድ አልጋውን ግቢ አውጥቶ፣ አጎበሩን ሰቅሎ ሰማይ ሥር ያድራል። በሎጊያና በአሳይታ እንግዳ ማረፊያዎች ለመንገደኛ የሚከራየው አልጋ ራሱ ግቢ ላይ የተደረደረ ነው። ሥራ ማለዳ ይጀመራል፣ ቀትሩ ባዶ ነው፣ ገበያውና ጨዋታው ፀሐይ ዘወር ካለ በኋላ ይሞቃል። በቆላ ያሉ መሥሪያ ቤቶችም ለዚህ ሲሉ የሥራ ሰዓታቸውን ይለውጣሉ፤ ለመንግሥት ሠራተኛው የበረሃ አበል ይታሰባል። ትክክል ነው፤ ይገባዋል። ግን ውሃ ፍለጋ በቀትር ቀላል የማይባል መንገድ የምትጓዝ እናት ምን ይታሰብላታል? በሃጋይ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ብርካ ይደርቃል፣ የእግር ጉዞው ይረዝማል፣ ጀሪካኑም እንደ ወትሮው ከባድ ነው።

የሃጋይን ክብደት ለመረዳት ረመዳንን ተመልከቱ። የሂጅራ ወር በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ስለሚመጣ፣ ጾሙ በ33 ዓመት ያህል ሁሉንም ወቅት ይዞራል። ከ2008 እስከ 2010 ዓ.ም. ረመዳን ግንቦትና ሰኔን ነክቶ ነበር የሚውለው። በ40 ዲግሪ ሙቀት ከንጋት እስከ ምሽት ውሃ ሳይቀምሱ ግመል መጠበቅ፣ ጭነት ማውረድ፣ ጡብ መደርደር ምን እንደሆነ ለመናገር ቃል ያንሳል። አሁን ረመዳን ወደ የካቲት ወርዷል፤ ጾመኛው በጊላል ቅዝቃዜ እየጾመ ነው። በሃጋይ የጾመ ወጣት ሸምግሎ ዳግመኛ በሃጋይ ይጾማል።

ስለ ቤትም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ የማስብበት ጉዳይ ነው። የአፋር ዳቦይታ ከታጠፈ እንጨትና ከዘንባባ ሰሌን የሚሠራ ጎጆ ነው። የሚያቆሙትም የሚያፈርሱትም ሴቶች ናቸው፤ ግመል ላይ ተጭኖ ይሄዳል። ሰሌኑ ጥላ ይሰጣል፣ ነፋስ ያሳልፋል፣ ሙቀት ይዞ አያድርም። ሰመራ ስትገነባ ይህ ጥበብ ብዙም አልተጠየቀም። ደጋ ላይ የሚሠራው የብሎኬት ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ እንዳለ ወርዶ ተተከለ። ብሎኬት ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይተፋዋል። ከዚያ በቬንቲሌተርና በማቀዝቀዣ ልንታገለው እንሞክራለን፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም አልጋውን ይዞ ይወጣል። እንደ እኔ እምነት ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሥነ ሕንፃ ተማሪዎቻቸውን አንድ ሃጋይ አፋር ልከው፣ ዳቦይታ የምትሠራ እናት አጠገብ አስቀምጠው ሊያስተምሯቸው ይገባል።

እስካሁን ስለ ሰማይ ተናገርኩ። የሸለቆው ሁለተኛው ሰማይ ግን አዋሽ ወንዝ ነው። አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ካለው የጊንጪ ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ከሰምና ቀበና ከሸዋ፣ ቦርከና፣ ሚሌና ሎጊያ ከወሎ እየወረዱ ይቀላቀሉታል። የአዲስ አበባም ትልቁና ትንሹ አቃቂ በአባ ሳሙኤል በኩል አዋሽ ይገባሉ። ልብ በሉ፤ ሐምሌ ላይ በቤታችን ጣሪያ የሚወርደው ዝናብ መንገዱ ወደ አፋር ነው። ከፋብሪካችን፣ ከመጸዳጃችን፣ ከቄራችን የሚወጣውም እንዲሁ። በወንዙ ዳር ደግሞ ያንን ውሃ በቀጥታ የሚጠጣ ሰውና ከብት አለ።

በድሮ ዘመን ይህ ከደጋ የሚወርድ ሙላት በረከት ነበር። በነሐሴ ወንዙ ይሞላል፣ ዳርና ዳሩን ያጥለቀልቃል፣ ሲሸሽ እርጥብ ምድርና ሣር ትቶ ይሄዳል። አፋሮች ካሎ የሚሉት የወንዝ ዳር ግጦሽ ይህ ነው፤ በጊላልና በሃጋይ ከብቱን የሚያኖረው እሱ ነው። እንግዲህ የካርማ ግጦሽ በራቀው ሜዳ፣ የሃጋይ ግጦሽ በወንዙ ዳር፤ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ለዘመናት ተኖረ።

ከዚያ በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ልማት መጣ። ወንጂ ላይ ስኳር፣ በ1952 ዓ.ም. ቆቃ ግድብ፣ በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን፣ ከዚያም በአሚባራና በተንዳሆ ሰፋፊ የጥጥ እርሻዎች። ለአገር ኢኮኖሚ የሰጡትን ጥቅም አልክድም፤ የወረር የምርምር ማዕከል በቆላ ጥጥና ኋላም በመስኖ ስንዴ ላይ ያፈራው ዕውቀት ዛሬም ይሠራል። ግን የተመረጠው መሬት ምድረ በዳው አልነበረም። የተወሰደው ካሎው ነው፤ የሃጋይ መጠለያው። በደጋ ዓመት ለሚያስብ ሰው ያ መሬት በካርማ ወራት ሰውና ከብት ርቀውት ሲታይ ባለቤት የሌለው መሰለው። የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. ድርቅ ሲመጣ አፋሩ ወደ ወንዙ ዞረ፤ ወንዙ ዳር የጠበቀው ግን ጥጥ ነበር። ስለዚያ ዘመን ረኀብ ስንናገር የወሎን ገበሬ እናስታውሳለን፣ ልናስታውሰውም ይገባል። በአፋር ያለቀው ሕዝብ ግን ብዙ ጊዜ ከታሪካችን ይጎድላል።

በ1970ዎቹ በረሃማነትን ይገታል ተብሎ የተተከለው ፕሮሶፒስ ደግሞ የቀረውን ካሎ ወረረው። እሾሃም ዛፍ ነው፤ ከብት ፍሬውን በልቶ በፋንድያው ይዘራዋል፣ ጎርፍም ይዞት ይሄዳል። ዛሬ በክልሉ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ይዟል። ከአዋሽ ወደ ገዋኔ በሚወስደው መንገድ ዳር የምታዩት የከሰል ጆንያ ብዙው ከእሱ ነው። ቢከሰልም ቢቆረጥም ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል።

አሁን ያ ሙላት ራሱ ጠባዩ ተለውጧል። የደጋው አፈር እየታጠበ ቆቃ ውስጥ ደለል ሆኖ ተከማችቷል፤ ግድቡ የሚይዘው ውሃ ቀንሷል። ክረምቱ ሲከብድ ውሃ መለቀቅ አለበት። በ2012 ዓ.ም. ነሐሴ ከደጋው የወረደው ጎርፍና ከግድቦች የተለቀቀው ውሃ ተደምሮ ከአሚባራ እስከ አሳይታ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አፈናቀለ። እርሻ፣ ከብት፣ ቤት ተወሰደ። የሚገርመው በብዙ ቦታ ጎርፍ ያጥለቀለቀው ሕዝብ ሰማይ ላይ ዳመና አላየም። የሌላ አገር ዝናብ ነው የመታው። ስለዚህ ለሰመራና ለአሳይታ የራሳቸው የአየር ትንበያ ብቻ አይበቃቸውም፤ የሸዋና የወሎ ትንበያ፣ የቆቃና የከሰም ግድቦች የውሃ መጠንም በየቀኑ ሊደርሳቸው ይገባል።

ለማድረስ ደግሞ መንገዱ አለ። አፋሮች ዳጉ አላቸው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም፤ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን በተራ ይነጋገራሉ፤ የት እንደዘነበ፣ የትኛው የውሃ ጉድጓድ እንደደረቀ፣ ምን በሽታ እንደገባ፣ የት ጸብ እንዳለ። የሰሙትን ካዩት ለይተው ይናገራሉ፤ ሐሰት ያቀበለ ሰው ክብሩን ያጣል። ሽማግሌዎቻቸው ዝናብን ሲተነብዩም ከዋክብትን፣ የነፋሱን አቅጣጫ፣ የዛፎችን አበባ፣ የከብቱንና የወፉን ሁኔታ አስተያይተው ነው፤ ያንንም በዳጉ ከሩቅ ከመጣው ወሬ ጋር ያመሳክሩታል። የኢትዮጵያ ሜትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት በሳተላይትና በጣቢያ የሚያየውን እነሱ በእግር ያዩታል። ሁለቱ ቢገናኙ ማንም አይከስርም።

የ2007 ዓ.ም. ድርቅ ይህንን በግልጽ አሳይቷል። ሱጉም ቀረ፤ ካርማም ዘገየ፣ አነሰ። በዚያ ዓመት በኤል ኒኞ ምክንያት የመጣው ድርቅ መጀመሪያ የመታው አፋርንና የሱማሌን ሲቲ ዞን ነው። ከብቱ በሃጋይ ማለቅ ሲጀምር በአገር ደረጃ የነበረው ጥያቄ የመኸሩ ምርት እንዴት ይሆናል የሚል ነበር። የደጋው አዝመራ መክሸፉ ሲታይ ነገሩ ብሔራዊ አደጋ ሆነ፤ ያኔ ግን አርብቶ አደሩ ጥሪቱን ከጨረሰ ወራት አልፈው ነበር። ከብት ሲከሳ ዋጋው ይወድቃል፣ እህል ሲጠፋ ዋጋው ይወጣል። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ቆላና ደጋ ሲገናኙ አንድ ፍየል ስንት ኪሎ እህል እንደሚለውጥ የጠየቀ ሰው፣ ከማንኛውም ሪፖርት አስቀድሞ ረኀቡን ያየዋል።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህ ነው። የመማሪያ መጽሐፍ የምታዘጋጁ፣ ከመፀውና ከፀደይ ጎን ካርማን፣ ጊላልን፣ ሱጉምንና ሃጋይን አስገቡ፤ ለአፋር ልጅ ብቻ ሳይሆን ለአዲስ አበባም ልጅ። የዕርዳታ ዕቅድ የምታወጡ፣ መኸር እስኪታጨድ አትጠብቁ፤ ሱጉም በሚያዝያ ከቀረ መኖና ውሃ በግንቦት ይድረስ። ግድብ የምታስተዳድሩ፣ በር ከመክፈታችሁ በፊት ወሬው በአፋርኛ ተነግሮ ዳጉ ውስጥ ይግባ፤ ዳጉ ከገባ ፈጥኖ ሸለቆውን ያዳርሰዋል። እኛም በአቃቂ ዳር የምንኖር፣ ወንዙ ከዓይናችን ሲርቅ ያለቀ አይምሰለን፤ ቆሻሻችንን ከእሱ እናንሣ፤ በታች የሚጠጣው ሰው አለና።